ባህር የሚሻገር ጭቃ

መስሪያ ቤቱ ስለ ጭቃ የሚያወራ የመስታወት ህንፃ ነበር። ከታች እስከ ላይ መስታወት፣ ከላይ እስከ ታች ኤሲ። ውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ያለ ኤሲ ስለሚቀዘቅዝ ቤት ይጽፋሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ይሸለማሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ህንፃው ምድጃ ይሆናል። ያን ጊዜ የማቀዝቀዝ ሊቃውንቱ «ቤትዎ ይተንፍስ» የሚለውን የራሳቸውን ብሮሸር እያራገቡ በደረጃ ይወርዱና ጓሮ ባለችው የናሙና ቤት ውስጥ ይታጨቃሉ። የናሙና ቤቷ ከአፈር ብሎኬት የተሰራች አንዲት ክፍል ናት፤ ቀዝቃዛ ናት። መብራት ሲመጣ ተመልሰው ይወጡና ስለሷ ይጽፋሉ።

አስተርጓሚው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው መብራት በጠፋበት ቀን ነው። ፎቅ ለፎቅ ቢዞር ሰው አጣ። አንድ ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት አገኘና ሰላም ሊለው ምንም አልቀረውም። ድምፅ ተከትሎ ወደ ጓሮ ሲወርድ መስሪያ ቤቱ በሙሉ፣ ከነዳይሬክተሩ፣ የናሙና ቤቷ ውስጥ ምሳ ይበላል። ደጃፉ ላይ እስከ ክርኗ ጭቃ የሆነች ሴት ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ወለሉ ላይ ፍርፋሪ የጣለ ሰው ወንድሜም ቢሆን አልምረውም!» ትላለች። «ይሄ ናሙና ነው እንጂ የአውቶቡስ መጠበቂያ አይደለም!»

«እሺ እመቤቴ» አለ ዳይሬክተሩ ከውስጥ፣ አፉ ሞልቶ።

ዞር ስትል አየችው። መጀመሪያ ሱፍ ልብሱን፣ ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ጫማውን፣ ቀጥሎ እግሩን። እግሩ ቆሞም ይወዛወዛል። አስተርጓሚው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቦታ አርፎ መቆም የማይሆንለት ሰው ነው፤ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው፣ ሻንጣውን ሳይፈታ የሚኖር።

«አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ስለ አፈር ምን ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን እንደምገባበት።»

አልሳቀችም። የከንፈሯ ጥግ ግን ትንሽ ከዳት። «እስከዚያው እኛ እንሰራበታለን» አለች። «እጅዎን ያምጡ።»

ከክምሩ እርጥብ አፈር ዘግና መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን በጣቶቿ ከደነቻቸው። «ይጨብጡት። ጠበቅ። አሁን እጅዎን በትከሻዎ ልክ ይዘርጉና ይልቀቁት።»

ለቀቀው። ጭቃው ፈርጦ ግማሹ የሚያብረቀርቀው ጫማው ላይ አረፈ።

«ውሃ በዝቶበታል» አለች፣ ጫማውን ሳታይ። «ደረቅ ቢሆን ደግሞ ዱቄት ሆኖ ይበተን ነበር። ደህናው አፈር ሲወድቅ እዚህም እዚያም ይሰነጠቅና እዚያው ይተኛል።»

«ሰውም እንደዚያው ነው።»

«ሰው እንኳን እንደዚያ አይደለም» አለች የናሙና ቤቷ ኢንጂነር። «ሰው ሲወድቅ የገፋውን ይፈልጋል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባህር ማዶ ያለ አንድ ሞቃት አገር፣ ሲሚንቶ በመርከብ እየመጣለት ወጪው የከበደው፣ ትምህርት ቤቶቹን ከገዛ አፈሩ ሊሰራ አስቦ ልዑካን ሊልክ ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ከሰማ ወዲህ በእግሩ ጣት ነው የሚራመደው። «እንጨት አይደለም፣ ብረት አይደለም፤ እውቀት ነው ወደ ውጭ የምንልከው!» ይላል በየስብሰባው። «ጭነት የለው፣ ቀረጥ የለው፣ መንገድ ላይ አይበላሽ!» እውቀት የሚለው የቤቱን ስዕሎች ነው፤ የኢንጂነሯን ስዕሎች። በወፍራም ጥራዝ አስጠርዞ፣ ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አሳትሞ መሸጥ።

ኢንጂነሯ በስዕል አታምንም። «አፈር እንደ ሰው ነው፤ በወሬ አይታወቅም» ትላለች። «ለኛ አፈር የወጣውን ልክ ወስደው በነሱ አፈር ቢሰሩበት በመጀመሪያው ዝናብ ትምህርት ቤቱ ከነጥቁር ሰሌዳው ይሄዳል። ሄዶ የሚጨብጠው ሰው ያስፈልጋል።» ያ ሰው ማን እንደሆነ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። ግን የባህሩን ስም ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል።

እንግዶቹ እስኪመጡ አስተርጓሚው የሙያውን ቃል እንዲማር ታዘዘ። በየቀኑ እየመጣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ እየሰራች ታስረዳለች፣ እሱ እየሰማ ያያታል። ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀት እንደሚጠጣና ሲመሽ ቀስ እያለ እንደሚመልሰው አወቀ። ብሎኬት ከመጭመቂያ ማሽኑ እንደወጣ ፀሐይ ካየ እንደሚሰነጠቅ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ጠዋት ጠዋት ውሃ እየጠጣ መክረም እንዳለበት አወቀ። ስትስቅ ፊቷን በክንዷ እንደምትሸፍንም አወቀ፤ እጇ ሁልጊዜ ጭቃ ስለሆነ።

አንድ ቀን ስለ መስኮት አቀማመጥ እያስረዳችው እግሩ እንደልማዱ ይወዛወዛል። ትኩስ ብሎኬት የተደረደረበት ሳንቃ ከባልዲው ጋር ይነካካ ነበርና፣ ሳንቃው ተንቀጠቀጠ፣ ጫፍ ያለው ብሎኬት ሄደ።

«አንተ! እግርህን ሰብስብ!»

ጎንበስ ብላ የብሎኬቱን ስብርባሪ ለቀመች።

«እርስዎ ማለቴ ነው…» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ተዪው» አላት። «ከዚህ በኋላ እርስዎ ብትዪኝ ብሎኬቱን ታስከፍዪኛለሽ ብዬ እፈራለሁ።»

ክንዷን ወደ ፊቷ አነሳች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ግድግዳ ብቻ ማውራት ቀረ። አባቷ ሲሚንቶ ነጋዴ ናቸው። «‹ልጄ› ይለኛል አባቴ፣ ‹የሰው ልጅ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ስንት ዘመን ለፋ፤ አንቺ ተምረሽ መልሰሽ ልትከቺን ነው?›» አለችው። «ከተመረቅኩ ጀምሮ የሰራሁት ናሙና ብቻ ነው። የናሙና ግድግዳ፣ የናሙና ጥግ፣ የናሙና ክፍል። ሰው የገባበት ቤት የለኝም። እኛ አገር ሁሉም ስራዬን ያደንቃል፤ የራሱን ቤት ሲሰራ ግን ወደ አባቴ ሱቅ ይሄዳል።»

«እነዚያስ?»

«እነዚያ…» እጇን በውሃ ነከረች፤ አልጨረሰችውም።

አስተርጓሚው ግን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እንጀራው ነው። ጨረሰው። በልቡ «እነዚያ ይገቡበታል» አለ።

ለጊዜው የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ማሽኗን እየረገጠች ወሬ የምትሰፋ።

«በእረፍት ቀንህ የት ነበርክ?» አለችው።

«ብሎኬት ውሃ ሳጠጣ።»

እግሩ ስር ያለውን ጭቃ አየች። «ወንድሜ፣ አበባ እንኳን አጠጥተህ አታውቅም እኮ። ይህቺ ሴት ቆንጆ ናት ወይስ አስማተኛ?»

«እትዬ፣ ተዪኝ።»

«ተውኩህ። እግርህ ግን ዛሬ ረጋ ብሏል።»

እንግዶቹ መጡ። መሪያቸው ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው፤ መነፅራቸውን ከዓይናቸው ይልቅ በእጃቸው የሚይዙ፣ ዳይሬክተሩ በፕሮጀክተር ቅጠል ሲያሳያቸው የሚያዛጉ። የናሙና ቤቷ ውስጥ ሲገቡ ግን ማዛጋቱ ቆመ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አኑረው ብዙ ቆዩ። ኢንጂነሯን ጥያቄ በጥያቄ አደረጓት፤ አስተርጓሚው በሁለቱ መሃል እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አለ። ሴትዮዋ በመጨረሻ መነፅራቸውን አጥፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስዕል አንፈልግም። ስዕል ከየትም ይገዛል። የምንፈልገው እሷን ነው። የመጨረሻው ትምህርት ቤት እስኪቆም ከኛ ጋር ኖራ ታሰራን እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

በመስማትና በመናገር መሃል አስተርጓሚ አንዲት ትንፋሽ አለችው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ አስተርጓሚው ብዙ ነገር አየ። የተገለበጠውን ባልዲ ባዶ አየው። ጓሮውን ያለሷ፣ ራሱን ደግሞ እንደገና ከሻንጣው ጋር። ዕድሜውን ሙሉ ሲሄድ የኖረ ሰው፣ ልክ መቅረት ሲያምረው፣ የምትሄደው እሷ ልትሆን!

«ስራሽን በጣም ወደውታል» አለ። «ስዕሎቹን ብትልኩላቸው ደስ ይላቸዋል።»

ኢንጂነሯ እሱን አየችው፤ ቀጥላ ሴትዮዋን። «ስዕሎቹን ብቻ?»

«ስዕሎቹን።»

«እሺ…» አለች። «ይላካል በላቸው።»

ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ልታስብበት ትፈልጋለች።»

ውሸትን ሲያስገቧት ብቻዋን አትገባም፤ ዘመዶቿን ታስከትላለች። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «እስከ ነገ ጠዋት» አሉ። ዳይሬክተሩ፣ ምንም ሳይገባው፣ ሁሉንም ጨበጠ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ጭር ሲል ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። እጇ ንፁህ ነበር፤ ታጥባ፣ ምንም ሳትነካ ተቀምጣለች። እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«ይጠይቁኛል ብዬ ነበር» አለች። «ሞኝ ነኝ አይደል?»

«አይደለሽም።»

«ሻንጣ ሁሉ ገዝቼ ነበር እኮ። አባቴ ሲያየው ‹ቅናሽ ስለነበረ ነው› አልኩት።» ለመሳቅ ሞከረች፤ ክንዷን አላነሳችም። «ያቺ ሴትዮ ግድግዳውን እንዴት እንደነካችው አይተሃል? እንደዚያ የነካ ሰው እንዴት ስዕል ብቻ ይፈልጋል?»

እሱ ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ።

«ምነው ዝም አልክ? ለዝምታህም አስተርጓሚ ልቅጠርልህ?»

«የምለው አጥቼ ነው።»

ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ስንት ጊዜ የተመኘው ራስ ነው! ፀጉሯ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። እግሩ መወዛወዙን አቆመ፤ ውስጡ ግን ያኔ ጀመረ።

«ቢያንስ አንተ አለህ» አለች።

የሰረቀውን እንጀራ የሚያጎርሱት ያህል አነቀው።

ማታ ራት ሳይቀርብ ለእህቱ ሁሉንም ነገራት። የማሽኑ ድምፅ ቆመ።

«አፍህን አምነው ቀጠሩህ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ ግን አፍህን ለልብህ አከራየኸው።»

«ወድጃት ነው፣ እትዬ።»

«ወፍም ትሏን ትወዳለች።»

«ብነግራት እኮ ትሄዳለች! አንድ ዓመት አይደለም፣ ሁለት ዓመት አይደለም…»

«ባትነግራትስ የቀረችው ላንተ መሰለህ? የቀረችው ተንቃ ነው። ሰው ናቀኝ ብላ ከተቀመጠች ሴት ጋር ምን ዓይነት ትዳር ልትመሰርት ነው?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ደግሞ በዚያ ስዕል የሚሰራው ትምህርት ቤት ልጆች ላይ ቢፈርስ፣ ያኔም ‹ወድጃት ነው› ትላለህ?»

ተነስቶ ክፍሉን ዞረ፤ ተቀመጠ፤ ተነሳ።

«በዚህ አያያዝህ ወለሉን ትጨርሰዋለህ» አለች እህቱ፣ ማሽኗን እየረገጠች። «ሂድና ተኛ። ነገ ስራ አለብህ።»

በማግስቱ የመዝጊያው ስብሰባ የመስታወቱ ህንፃ አናት ላይ ተደረገ። ዳይሬክተሩ ባለቅጠሉን ጥራዝ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶውን ከፍቷል። ኢንጂነሯ ጥግ ላይ ናት፤ ንፁህ ልብስ ለብሳለች፣ ዓይኗ ግን በመስታወቱ አሻግሮ ጓሮውን ያያል።

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ከመፈረማችን በፊት» አሉ፣ «ኢንጂነሯ ምን ወሰነች?»

ሁሉም ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ቆመ። ለአስተርጓሚ መቆም ወግ አይደለም፤ እግሩ ነው ያነሳው።

«ኢንጂነር» አለ። «ትናንት አንድ ጥያቄ ሳልተረጉም አስቀርቻለሁ። ስዕል አንፈልግም ነው ያሉት። አንቺን ነው የፈለጉት፤ የመጨረሻው ትምህርት ቤት እስኪቆም ከነሱ ጋር ኖረሽ እንድታሰሪ። ስዕል ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለነሱም ታስብበታለች ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያም ያንኑ፣ አንድም ሳያስቀር፣ በእንግዶቹ ቋንቋ ደገመው።



«ምን አለ? ምን አለ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ በገዛ ቋንቋው የተነገረውን።

ኢንጂነሯ አልጮኸችም። «ለምን?» አለች።

«እንዳትሄጂብኝ።»

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ብዙ አየቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ እንደደረቀ ምርጊት ነበር።

«አስተርጓሚ፣ ስራዎን ይስሩ» አለች። «ቃል እንዳይጎድል።»

«እሺ።»

«እመጣለሁ ይበሉልኝ።»

«እመጣለሁ» አለ በባዕድ ቋንቋ። አስተርጓሚ ሲናገር በተናጋሪው አፍ ነው የሚናገረው፤ «ትመጣለች» አይባልም። የእንግዶቹ ፊት በራ።

«አፈራችሁን ሳልጨብጥ አንድ መስመር አልስልም።»

ተረጎመ።

«ይሄ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ሌባ ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቱን ወደ ገዛ ደረቱ ቀስሮ «ይሄ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ሌባ ነው» አለ። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መነፅራቸውን አጠለቁ።

«ትናንት ከሰዓት ትከሻው ላይ ተደግፌ፣ ይሄ ካለ እዚህም መኖር ይቻላል ብዬ ነበር።»

ቆመ። አልወጣለት አለ።

«ይተርጉሙ እንጂ!»

ተረጎመ፤ ድምፁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሴትዮዋ ሁለቱን በየተራ አይተው አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«‹ይሄ ሰው ይወድሻል› ነው ያሉት።»

«እሱን እንኳን ያለ አስተርጓሚ አውቀዋለሁ» አለች ኢንጂነሯ፣ ወንበሯን ገፍታ እየተነሳች።

ዳይሬክተሩ አስተርጓሚውን እዚያው አሰናበተው። «ዘላቂ ግንኙነታችንን ልታፈርስብን!» አለው። ሳምንት ሳይሞላ ግን በሌላ ስብሰባ ላይ «ስዕል መላክማ ድሮ ቀረ፤ እውቀት ከነባለቤቱ ነው የሚላከው ብዬ አልነበር?» ሲል ተሰምቷል።

ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ጓሮው ድረስ ሄደ። ብሎኬቶቿን ላስቲክ ታለብሳለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታው ይቆይ። ዛሬ ብሰጥዎት ከአንገት በላይ ነው የሚሆነው።»

«አሁንም እርስዎ ነኝ?»

የላስቲኩን ጫፍ በድንጋይ ጫነችው። ጊዜ ወሰደባት፤ ድንጋዩ ትንሽ ነበር። «አንተ የምለው ሰው ጠፍቶብኛል» አለች።

ሄደች። እሱ አልሸኛትም፤ ማን ነኝ ብሎ ይሸኛታል?

ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚው አንድ በሽታ ያዘው። ቃል መጣል አልቻለም። በዓሣ ማድረቅ ስልጠና ላይ የተናጋሪውን ሳል ሁሉ ሊተረጉም ደረሰ። «አሳጥረው» ሲሉት «አልችልም፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ይላል። የሰዎች ቀልድ ካላሳቀ «ቀልድ ነበር፣ አላሳቀም» ብሎ ይተረጉማል። ስራ ያጣል፣ ያገኛል፤ ሌላ ኪራይ ቤት ያያል፣ ይተወዋል። መንገድ ላይ ግድግዳ ባየ ቁጥር መዳፉን ያሳርፍበታል፤ አላፊ አግዳሚው ሰክሯል ይለዋል። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፤ እንደገና መጣ። እህቱ ስለ ኢንጂነሯም ስለ ባህሩም አንስታ አታውቅም። አንዳንዴ ብቻ ማሽኗን አቁማ «ተቀመጥ፣ በናትህ» ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። መጀመሪያ የተሰማው ነፋስ ነው።

«አንተ ነህ?»

ተቀምጦ የነበረው ተነሳ፤ ተነስቶ ተቀመጠ። «ነኝ።»

«ስማኝ፤ ላብድ ነው!» አለች፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። «እዚህ የሰጡኝ አስተርጓሚ ጨዋ ሰው ነው። በጣም ጨዋ። ክፉ ነገር ካፉ አይወጣም። ዛሬ ጠዋት ሰራተኞቹን ሰብስቤ ‹ግድግዳው አጋድሏል፣ አፍርሱት› አልኩ። እሱ ግን፣ ኋላ እንደደረስኩበት፣ ‹ኢንጂነሯ በጣም ኮርታባችኋለች› አላቸው። ምን አደረጉ መሰለህ?»

«ምን አደረጉ?»

«አጨበጨቡልኝ!»

ሳቀ። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ነፋሱ ብቻ ቀረ።

«ትምህርት ቤት ነው እኮ» አለች። «ልጆች ናቸው የሚገቡበት።»

«አውቃለሁ።»

«ሴትዮዋን ሌላ ሰው ስጡኝ ብላቸው ‹ያንን ሌባሽን ለምን አታመጪውም?› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ሌባ ነው አልኩ። ግን የሰረቀውን ሰው ሁሉ እያየው የመለሰ ሌባ ሌላ አላውቅም አልኩ። ብዙ ተናድጄብሃለሁ። ንዴቱ አልቆብኝ ሳይሆን ሰልችቶኝ ነው።»

«እኔንም ራሴ ሰልችቶኛል።»

«እንግዲያው ና። አንድ ነገር ብቻ። እዚህ አንድ ቃል ብትጎድል በመጀመሪያው መርከብ እመልስሃለሁ። ደግ ይሁን ክፉ፣ የነሱ ይሁን የኔ። ሁሉም ይተረጎማል።»

«ሁሉም ይተረጎማል» አለ።

እህቱ ከማሽኗ ጀርባ ሆና ስትሰማ ነበር። «ሻንጣህን ላዘጋጅልህ?» አለች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «መቼ ፈተኸው ታውቅና!» ፊቷን ወደ ጨርቁ መልሳ ረጅም ጊዜ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፋች።

ባህሩን ተሻገረ። የስራው ቦታ ከባህሩ ዳርቻ ትንሽ ገባ ይላል፤ አፈሩ ቀይ፣ ነፋሱ ጨዋማ። ሰራተኞቹ አንድ ያጋደለ ግድግዳ ፊት ቆመዋል፤ ጨዋው አስተርጓሚ ጥላ ስር ተቀምጦ መሃረቡን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እሷ ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ባርኔጣዋ ጫፉ ተቀዷል። እጇን ዘረጋችለት፤ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ጨበጠው። ቶሎ መልቀቅ የነበረበት ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ማናቸውም አልለቀቁም።

ፎርማኑ፣ ገለባ ባርኔጣ ያደረገ ግዙፍ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

እጇን ሳበች። «በላቸው» አለች። «ግድግዳው አጋድሏል። ይፈርሳል። ብሎኬቱ ውሃውን ሳይጠግብ ነው የገነባነው። ያስቸኮልኩት እኔም ነኝ፤ ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም።»

ተረጎመ። አንዱንም አላለሳለሰም። ጨዋው አስተርጓሚ ዓይኑን ጨፈነ።

ማንም አላጨበጨበም። ፎርማኑ ወደ ግድግዳው ሄዶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ ጫፍ አየው። ተመለሰ።

«ይሄንን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም ነበር?» አለ። አስተርጓሚው ይህንንም ለሷ ተረጎመላት።

መዶሻ ተነሳ። ግድግዳው ትንሽ ተከራክሮ ወደቀ፣ ቀይ አቧራ ሁሉን ሸፈነ። በአቧራው መሃል፣ ፊቷን ሳታዞር፣ በአገሯ ቋንቋ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«በጣም ነው የናፈቅከኝ፣ አንተ የጭቃ ውስጥ እሾህ።»

አቧራው ሲረጋ ሰራተኞቹ መዶሻቸውን ተደግፈው ይጠባበቃሉ። ከዚህ በኋላ የምትናገረው አንድም ነገር እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም።

«አሁንስ ምን አሉ?» አለ ፎርማኑ።

አስተርጓሚው አያት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ወዴት ትሸሻለች?

«ተርጉም» አለች፣ ፍርስራሹን እያየች።

ኋላ ያሉትም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«በጣም ነው የናፈቅከኝ፣ አንተ የጭቃ ውስጥ እሾህ!»

ፎርማኑ ሰዎቹን አየ። ቦት ጫማውን አየ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«እኔን?» አለ ደንግጦ።

«አይ» አለ አስተርጓሚው፣ «እኔን።»